ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው፤ ሰውየውስ?

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ዝውውር ነው። አትቸኩሉ፤ የአጥቂ ዝውውር አይደለም፣ አሰልጣኝ ተሰናበተ የሚል ወሬም አልያዝኩም። የፈረስ ጠባቂ ዝውውር ነው። ገጽ አልተሳሳታችሁም፣ ስፖርት ገጽ ላይ ናችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቅርቡ ቤተሰብ ልጠይቅ ወረታ ሄጄ ነበር። ወረታን የማታውቋት ካላችሁ፣ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ሲኬድ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ፣ መንገዱ ለሁለት የሚከፈልባት ከተማ ናት። ቀጥ ካላችሁ ጎንደር፣ ወደ ቀኝ ከታጠፋችሁ ደብረ ታቦር ከዚያም ወልድያ። ዙሪያዋ የፎገራ ሜዳ ነው። ሜዳ ስላችሁ የምር ሜዳ ነው! ርብና ጉማራ ወደ ጣና ሲወርዱ ለጥ አድርገው ያስተኙት፣ ክረምት ውሃ የሚተኛበት፣ ሩዝ የሚታጨድበት አገር። ልጅ ሆኜ «ይሄ ሁሉ ስንት ስታዲየም ይወጣዋል?» እያልኩ ነው ያደግኩት። ሜዳ ስለሆነ ጋሪ ይሄድበታል፣ ጋሪ ስላለ ፈረስ አለ፣ ፈረስ ስላለ ደግሞ ፈረሱን የሚያሳድር ግቢ አለ።

አጎቴ እንዲህ ያለ ግቢ አላቸው። የራሳቸው ሦስት የጋሪ ፈረሶች አሉ። ከዚህ ሌላ ቦታ የሌላቸው ባለጋሪዎች ማታ ማታ ፈረሳቸውን እየከፈሉ ያሳድሩበታል። በገበያ ቀን ደግሞ ከገጠር የመጣ ሰው በቅሎውን ወይም ፈረሱን አስሮ፣ ገበያውን ጨርሶ፣ ሒሳቡን ከፍሎ ይሄዳል። ፈረንጆቹ ዘንድ ይህ ሥራ ትልቅ ቢዝነስ ነው፤ የሰው ፈረስ እየቀለቡና እየጠረጉ በወር ያስከፍላሉ። የአጎቴ ግቢ ማስታወቂያ እንኳ የለውም። ቆርቆሮ ጣራ፣ የግንድ ጋጣ፣ ለሁለት የተቆረጠ በርሜል፣ ጥግ ላይ የተከመረ ድርቆሽና የሩዝ ገለባ፣ በቃ።

ገና ሰላም ተባብለን ሳንጨርስ እሮሯቸውን ጀመሩ።

«ሰው ጠፋ ልጄ! ሰው ጠፋ!»

«እንዴት ጋሼ? የከተማው ልጅ ሁሉ ሥራ የለም እያለ?»

«ሥራ ፈትማ ሞልቷል። ፈረስ የሚሰጡት ሰው ነው የጠፋ።»

በአንድ ዓመት ውስጥ አምስት ልጅ ቀያይረዋል። አንዱ ለሰሊጥ አረም መተማ ወርዶ አልተመለሰም። አንዱ ባጃጅ ልለማመድ ነው ብሎ ወጣ። አንዱ ፉርሽካውን በጎን ሲሸጥ ተያዘ። አንዱን ፈረስ በዱላ ዐይኑ ላይ መትቶባቸው ራሳቸው አባረሩት። አምስተኛው አሁን ያለው ነው። «ይኼም ይሄዳል» ይላሉ፣ ልጁ ሦስት ሜትር ላይ ቆሞ እየሰማ።

አምስት በአንድ ዓመት! የኛ ሊግ ክለቦች አሰልጣኝ እንኳ እንዲህ አይቀያይሩም ብዬ ልጽፍ ነበር፣ ተውኩት። አታምኑኝም።

ጉራ የሚነዛ ሰው ሲያጋጥም «ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው» ይባላል። ናና ጋልበህ አሳየን ማለት ነው። እኛ በፈረስ ጉረኞች ነን። ከ2 ሚሊዮን በላይ ፈረስ ያለን፣ በአፍሪካ ደረጃ ከግንባር ቀደሞቹ የምንሰለፍ አገር ነን። ጥር ሲመጣ ጉግስ እናያለን፣ ቪዲዮ እንቀርጻለን፣ «ወይ የኛ ፈረስ!» እንላለን። ፈረሱ አለ፣ ሜዳውም አለ። አጎቴና መሰሎቻቸው ሰው ጠፋ ይላሉ። እኔ ደግሞ ሰው አልጠፋም ባይ ነኝ። ሰውየውን የምንይዝበት ወግ ነው የጠፋው።

ይህን ስል ግን ራሴን ንጹሕ አድርጌ አይደለም።

ሚያዝያ 10 ቀን 2007 ዓ.ም ቅዳሜ ነበር። ቀኑን እንዴት አስታወስከው አትበሉኝ፤ ቼልሲ ስታምፎርድ ብሪጅ ላይ ማንቸስተር ዩናይትድን በሃዛርድ ጎል 1 ለ 0 ያሸነፈበት ቀን ነው። ተማሪ ነበርኩ፤ ትምህርት በሌለ ቀን የአጎቴን ዳማ ፈረስ እነዳ ነበር። የፎገራ የሚያዝያ ፀሐይ ደግሞ ፀሐይ ብቻ አይደለችም፣ ምጣድ ናት። ከቀትር ጀምሮ ውሃ አላጠጣሁትም። 11 ሰዓት ላይ ዲኤስቲቪ ቤቱ በር ካለው ምሰሶ ጋር ከነጋሪው አሰርኩትና ገባሁ። ሐሳቤ አንድ ጨዋታ አይቼ ልወጣ ነበር። የ11 ሰዓቶቹ አለቁ። ምሽት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ቼልሲና ማንቸስተር ሊጀምሩ ነው። ማን ይወጣል? ከወጣሁ ወንበሬን ሌላ ይይዘዋላ!

ስወጣ ሦስት ሰዓት አልፏል። ፈረሱ በጋሪው በሁለቱ እንጨት መሃል ወድቋል። ለመተኛት ሲታገል ማሰሪያው ጫንቃውን ልጦታል። አስነሳሁት፣ ተነሳ። መንገድ ላይ ግን በየደረሰበት እየቆመ ወደ ጎኑ ዞሮ ሆዱን ያያል። ፈረስ እንደዚያ ሲያደርግ ሆዱን ቆርጦታል ማለት እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ ዝንብ ያባረረ መስሎኝ ጎተትኩት። አጎቴ ሲያዩት ፊታቸው ተለወጠ። ሌሊቱን ሙሉ እንዳይተኛ በግቢው እያዞሩት አደሩ። አልሞተም። የጫንቃው ቁስል ግን ሁለት ወር ከሥራ አስቀረው፣ በኋላም በርካሽ ተሸጠ።

አጎቴ አልመቱኝም፣ አልተቆጡኝም። ጠዋት የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ማን አሸነፈ?» እስከ ዛሬ ከዚያች ጥያቄ የበለጠ ያቃጠለኝ ስድብ የለም።

ስለዚህ «የማይታመን ልጅ» የሚባለውን ከውስጥ አውቀዋለሁ። ክፉ አልነበርኩም፣ ፈረሱንም እወደው ነበር፣ ሸንኮራ ይዤለት እሄድ ነበር። ግን ፈረስ በቀን ስንት ጊዜ ይጠጣል ብሎ ያስተማረኝ ሰው አልነበረም። ማታ ፈረሱ ጤነኛ ሆኖ ቢገባ ለኔ የሚጨመርልኝ ሳንቲም የለም። የምጠየቀው ገቢ ብቻ ነበር።

ይቺ «ገቢ» የምትባለዋን የታክሲ ልጆች በደንብ ያውቋታል። ባለንብረቱ በቀን ይህን ያህል ታስገባለህ ይላል፣ ከዚያ በላይ የተገኘው የነጂው ነው። ለመኪና ምናልባት ያስኬዳል። ለፈረስ ግን መርዝ ናት። ነጂው የራሱን ሊያገኝ የሚችለው ገቢው ከሞላ በኋላ በሚሠራው ነው፣ ያን ሰዓት ደግሞ ፈረሱ ደክሟል። ስለዚህ ፈረሱ በደከመ ቁጥር ጅራፉ ይበዛል። ልጁ ጨካኝ ስለሆነ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ሒሳቡ እንደዚያ ስለሆነ ነው። ከዚያ ማታ ፈረሱ ግቢ ሲገባ ሌላ ልጅ ይረከበዋል። ይሄኛው በወር ትንሽ ብር፣ ራቱንና ድርቆሹ ላይ ማደሪያ የተሰጠው ነው። ቀን ሌላው የገደለውን እሱ ማታ አድን ይባላል። ጠዋት ፈረሱ ካነከሰ የሚጠየቀው ማነው? ማታ ያደረው ነዋ! ተከላካዩ ሲስት በረኛው እንደሚሰደበው ማለት ነው።

ደመወዙ ላይ ስመጣ ደግሞ እናንተም የምታስታውሱት ነገር አለ። በ2011 ዓ.ም ማብቂያ የሊጋችን ተጫዋች የወር ደመወዝ ጣሪያ 50 ሺህ ብር ይሁን ሲባል ስንቱ ስንት ተባባለ! በሬዲዮ፣ በጋዜጣ፣ በየካፌው። ተጫዋቹ አነሰው፣ በዛለት፣ ክለቡ ከሰረ እያልን። ጥሩ ክርክር ነበር። የፈረስ ጠባቂ ደመወዝ ስንት ነው ብሎ የተከራከረ ሰው ግን አላጋጠመኝም፣ እኔንም ጨምሮ።

እስቲ ሥራውን እንየው፣ ቀላል ሥራ የሚመስለው ሰው ካለ።

ሥራ የሚሠራ ፈረስ በሙቀት ቀን እስከ 40 ሊትር ውሃ ሊጠጣ ይችላል። ሁለት ጀሪካን ነው። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ለስድስት ፈረስ አስራ ሁለት ጀሪካን የሚያመላልሰው ማነው? የፈረስ ጨጓራ ከገላው አንፃር ትንሽ ነው፤ ጥቂት ጥቂት እያለ ቀኑን ሙሉ መብላት ያለበት እንስሳ እንጂ እንደ በሬ ማታ ገለባ ከምረውለት ሲያመነዥክ የሚያድር አይደለም። ማስታወክም አይችልም። የማይሆን ነገር ከዋጠ የሚወጣበት መንገድ አንድ ነው፣ እሱ ከተዘጋ አለቀ። ቀን ሲራብ የዋለን ፈረስ ማታ አንድ ቁና እህል የሚደፋበት ልጅ ደግ ያደረገ ይመስለዋል፣ ሊገድለው ነው።

ፎገራ ላይ ደግሞ የራሷ ጣጣ አለባት። ሩዙ ከተነሳ በኋላ በቀረው እርጥበት ጓያ ይዘራል። ጓያ ያዘወተረ ሰው እግሩ እንደሚሽመደመድ ሁላችንም እናውቃለን፤ ፈረስም ከዚያ አያመልጥም። የኋላ እግሩ ይከዳዋል፣ ሲሮጥ ጉሮሮው ያፏጫል። ርካሽ ነው ብሎ ጓያ የሚቀልብ ልጅ ስንት ፈረስ እንደሚያበላሽ አስቡት። ክረምት ከተኛ ውሃ ካጠጡት አልቅት አፍና አፍንጫው ውስጥ ይገባል። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ደግሞ ትንኝ የምታስተላልፈው፣ ሐኪሞቹ የአፍሪካ የፈረስ በሽታ የሚሉት አለ፤ የያዘውን ፈረስ ብዙውን ጊዜ አይምርም። ክትባቱ እዚሁ አገራችን ቢሾፍቱ ውስጥ ይመረታል። ክትባቱ መጣ ሲባል ፈረሱን ጎትቶ የሚወስደው ማነው? ያው ልጁ። በዚያ ቀን ገቢ የለም፣ ስለዚህ አይወስደውም።

ሰኮናው አለ። በየስድስትና ስምንት ሳምንቱ ታይቶ መስተካከል አለበት፤ አስፋልት ላይ የሚውል ፈረስ ደግሞ ይብሳል። የአጎቴ ፈረሶች ከላይ ከደጋው የተገዙ ናቸው። ጉና ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ነው፣ ወረታ 1 ሺህ 800 ሜትር ገደማ። እነዚህ ፈረሶች ማለት ከቅዝቃዜ አገር መጥተው ሙቀት ላይ እንደሚጫወቱ ፕሮፌሽናሎች ናቸው! ለተጫዋች ሲሆን «አየሩን እስኪለምድ ጊዜ ይሰጠው» እንላለን። ፈረሱ ግን በወረደ ማግስት ጋሪ ይጠመዳል።

ይህን ሁሉ የሚያውቅ ልጅ ባለሙያ ነው ወይስ አይደለም? ክለቦቻችን ውስጥ ወጌሻ የሚባል ሰው አለ። ተጫዋች ሲወድቅ ቦርሳውን አንጠልጥሎ የሚሮጠው። ማንም ፎቶ አያነሳውም፣ ግን እሱ የሌለበት ቡድን ሁለተኛውን ዙር አይጨርስም። የፈረሱ ልጅ ወጌሻም ነው፣ ትጥቅ አጣቢም ነው፣ ምግብ አብሳይም ነው፣ የሌሊት ዘበኛም ነው።

ድሮ ይህ ሥራ እንዲህ አልተናቀም ነበር። በቤተ መንግሥት የፈረስ ቤቱ አለቃ ባልደራስ ይባል ነበር፣ ማዕረግ ነው! አዲስ አበባ ያላችሁ ባልደራስ ኮንዶሚኒየም ስትሉ የምትጠሩት ይህንኑ ነው። የጦር ሰው ደግሞ በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር፦ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ። ፈረሱ ስም አለው፣ ጌታው ስም አለው። ባልደራሱም ማዕረግ ነበረው። ከባልደራሱ በታች ያለው፣ ሌሊት ተነስቶ የሚያጠጣው ልጅ ግን ያኔም ስሙ አልተጻፈም። በ1928 ዓ.ም የተመሠረተው ቅዱስ ጊዮርጊስ «ፈረሰኞቹ» ሲባል እልል የምንለው ለተቀመጠው ነው። (የማን ደጋፊ ነህ ብላችሁ እንዳትደውሉልኝ። አልናገርም።)

አገራችን ውስጥ ይህ ችግር የማይታይበት ቦታ የለም እንዳይባል፣ እንጅባራን ልጥቀስ። አዊ ውስጥ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር አለ፤ በ1932 ዓ.ም የተመሠረተ፣ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን የሚያከብር፣ በአድዋ የዘመቱትን ፈረሰኞችና ፈረሶች የሚያስታውስ ማኅበር። አባላቱ በአስር ሺዎች ይቆጠራሉ። እዚያ ፈረስ ያርሳል፣ ሙሽራ ያመጣል፣ ለቅሶ ላይ ይቆማል። ፈረሱ የሚኖረው ከሰው ጋር ነው፣ ልጅም ከፈረሱ ጋር ነው የሚያድገው፤ ጠባቂ ቅጠር የሚባል ጣጣ ብዙም የለም፣ ምክንያቱም ጠባቂው የቤቱ ልጅ ነው፣ ነገ ፈረሱ የሱ ነው። ወረታ ላይ ግን ፈረሱ የአንድ ሰው ነው፣ ጋሪውን የሚነዳው ሌላ ነው፣ ማታ የሚያድርበት የሦስተኛ ሰው ግቢ ነው፣ የሚጠብቀው አራተኛ ነው። አራት ሰው የያዘው ፈረስ ማንም አልያዘውም።

በዚህ በኩል ሀብታሞቹም ከኛ ብዙ አይሻሉም። ሰር አሌክስ ፈርጉሰንና ሮክ ኦፍ ጂብራልታርን ታስታውሳላችሁ? በፈረንጆቹ 2001 እና 2002 ሰባት ትልልቅ ውድድሮችን በተከታታይ ያሸነፈው ፈረስ። ሰውየው የፈረሱ ግማሽ የኔ ነው ሲል፣ የፈረሱ ጌታ ጆን ማግኒየር ደግሞ ለመራቢያ የሚከፈለው ገንዘብ አይመለከትህም ሲል፣ ጭቅጭቁ ኦልድ ትራፎርድን አናወጠ። ማግኒየርና ሸሪኩ የማንቸስተር ዩናይትድን 29 በመቶ የሚጠጋ አክሲዮን ይዘው ነበራ! በ2004 ከፍርድ ቤት ውጭ ታረቁ፣ በ2005 ሁለቱ አክሲዮናቸውን ለግሌዘር ሸጡ፣ የቀረውን የማንቸስተር ደጋፊዎች ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ። የፈረሱን ባለቤቶች እናውቃለን፣ አሰልጣኙን ኤይደን ኦብራያንን እናውቃለን። ጋጣውን ይጠርግ የነበረው ልጅ ማን ነው? ስለ እሱ ያኔ አልጻፍንም፣ አሁንም አንጽፍም።

እንግሊዝ አገር የፈረስ ግቢዎች ሠራተኛ አጣን ብለው ሲያለቅሱ ዓመታት ሆኗቸዋል፤ ከአውሮፓ ኅብረት ከወጡ በኋላ ደግሞ ባሰባቸው፣ ከህንድ ድረስ ሰው ማስመጣት ገቡ። አንድ ጥሩ ነገር ግን አላቸው። ውድድር ሊጀመር ሲል ፈረሶቹ በተመልካች ፊት ሲዞሩ፣ አምሮ የቀረበውን ፈረስ ላዘጋጀው ጠባቂ ሽልማት ይሰጣል። ለጋላቢው አይደለም፣ ለባለቤቱም አይደለም፣ ለጠባቂው ነው። ፈረሱ ሲያሸንፍም ከሽልማቱ ገንዘብ ለግቢው ሠራተኞች የሚደርስ ድርሻ አለ።

ይህን ከወረታ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ደብረ ታቦር ላይ ማድረግ ምን ይከብዳል? ጥር 25 የመርቆሬዎስ ዕለት ፈረሱ በግላስ አጊጦ ይወጣል፣ ጉግሱ ይደምቃል፣ ጋላቢው ይጨበጨብለታል። በዚያው ቀን ጫንቃው ያልቆሰለ፣ ሰኮናው የተስተካከለ፣ ዐይኑ የጠራ ፈረስ ያቀረበ ጠባቂ ወደ መሃል ተጠርቶ ቢሸለም? በጉ እንኳ ይበቃል! ዳኛ የሚሆን የእንስሳት ሐኪም ከየወረዳው ይገኛል። በነጋታው ስንቱ ባለፈረስ ያንን ልጅ ፍለጋ እንደሚሯሯጥ አስቡት። ያን ጊዜ የምር ዝውውር ይባላል።

ወደ አጎቴ ልመለስ። ማታ ቡና ላይ ሐሳቤን አነሳሁ። ነገሩ አዲስ ፈጠራ አይደለም፤ አገራችን ላይ ርቢ የሚባል ወግ አለ። ላም ያለው ሰው ላሚቱን ለሌላ ይሰጣል፣ ያኛው ይቀልባል፣ ይጠብቃል፣ የሚወለደውን ይካፈላሉ። ለፎገራ ላም ይህን ያህል እምነት ካለን፣ ለፈረስ ሲሆን ለምን ልጁን የቀን ሠራተኛ እናደርገዋለን?

አጎቴ ሳቁ። «ላም ትወልዳለች። የጋሪ ፈረስ ወንድ ነው፤ ምኑን ልካፈለው? ጭራውን?»

ጥሩ መልስ ነው፣ አልዋሽም፣ ትንሽ ቆሜ ማሰብ ነበረብኝ። ሲገዛ ስንት ነበር፣ ሲሸጥስ ስንት አወጣ፣ ልዩነቱን ተካፈሉ አልኳቸው።

«የጋሪ ፈረስ እያደር ዋጋው ይወርዳል እንጂ ይጨምራል እንዴ?»

«እንዳያያዙ ነው ጋሼ። እኔ የያዝኩት ዳማ ወረደ። የርስዎ አባት ይይዙት የነበረውስ?»

ዝም አሉ። አያቴ ከጉና ግልገል ገዝተው፣ ሦስት ዓመት ቀልበው፣ ጥር ሲደርስ ለጉግስ ፈላጊ በጥሩ ዋጋ ይሸጡ እንደነበር ከኔ በላይ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።

እውነቱን ለመናገር የአጎቴም ፍርሃት ከንቱ አይደለም። ከ2015 ዓ.ም ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ ግጭት ከተነሳ ወዲህ መንገድ ሲዘጋ ገበያ ይቆማል፣ ገበያ ሲቆም ግቢው ባዶውን ያድራል፣ ድርቆሽ ይወደዳል። ቤንዚን የጠፋ ሰሞን ደግሞ ባጃጁ ይቆምና ሁሉም «ጋሪ! ጋሪ!» ይላል፣ ፈረሱ ከንጋት እስከ ምሽት ይቀጠቀጣል። ነገ ምን እንደሚሆን ባልታወቀበት ጊዜ ከአንድ ወጣት ጋር የሦስት ዓመት ውል ግባ ማለት ለኔ ለጋዜጠኛው ቀላል ነው። ፈረሱን የገዛሁት እኔ አይደለሁም።

ግን ደግሞ ይቺን ልጨምር፦ ሰሊጥ አረም፣ ሩዝ አጨዳ፣ ባጃጅ እያለ የወጣቱን እጅ የሚፈልገው ብዙ ነው። አጎቴ ከነዚህ ጋር በወር ደመወዝ መወዳደር አይችሉም፣ ይከስራሉ። ባጃጁም ሰሊጡም የማይሰጡትን ነገር ብቻ ነው ሊሰጡ የሚችሉት፤ የራሱ የሆነ ነገር።

ይህን ሁሉ ስናወራ ልጁ በር ላይ ተቀምጦ ልጓም እየጠገነ ነበር። የማይሰማ መስሎን ነበር። ቀና አለና፦

«ወንድም ጋሼ፣ ቢሞትስ? ግማሹን ልከፍል ነው?» አለ።

እኔ አፌን ያዝኩ። ያን ሁሉ ሳስብ ይቺን አላሰብኳትም። አጎቴ ግን አላመነቱም።

«በበሽታ ቢሞት የኔ። በጥም ቢሞት ያንተ» አሉ። ይህን ሲሉ ልጁን እያዩ አልነበረም፣ እኔን ነበር።

ልጁ ጥቂት አሰበና «ክትባት የምወስደው ቀን ገቢ አይጠየቅማ?» አለ። አይጠየቅም አሉ። «እሁድስ?» እሁድ ላይ ተከራከሩ። ልጁ ከሰዓት በኋላ ኳስ ይጫወታል፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ደግሞ ጋሪ በጣም የሚፈለግበት ሰዓት ነው። እሁድ ከ9 ሰዓት በኋላ ነፃ ይሁን፣ ከመውጣቱ በፊት ግን ፈረሶቹ ጠጥተውና በልተው ይግቡ በሚል ተስማሙ። ጨዋታው የ11 ሰዓት ከሆነ ይደርሳል።

አሁን የቀረው አንድ ነገር ነው፦ ልጁ የሚረከበው ፈረስ ዛሬ ስንት ያወጣል? አጎቴ ከፍ አድርገው ይጠራሉ፣ ትርፉ እንዲያንስ። ልጁ ዝቅ አድርጎ ይጠራል፣ ትርፉ እንዲበዛ። እኔ አዲስ አበባ ከተመለስኩ ጀምሮ ሁለቱም ተራ በተራ እየደወሉ «አንተ ፍረድ» ይሉኛል። ከትናንት በስቲያ ደርቢውን ስዘግብ ልጁ ሦስት ጊዜ ደወለ። አላነሳሁለትም፣ ዛሬ እደውልለታለሁ።